እንዶድና በረኪና በሚዛን ላይ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ እናቱን ነጠላ በእንዶድ ስታጥብ ቢያገኛት ከሁለት አንዱን መናገሩ አይቀርም። ወይ «እማዬ፣ ይህን ነገር አሁንም አልተውሽውም?» ብሎ ከሱቅ ያመጣውን የሳሙና ዱቄት ያቀርብላታል፤ ወይም ደግሞ፣ ይህኛው በቅርብ ዓመታት የመጣ ልማድ ነው፣ «የተፈጥሮ ነገር ጉዳት የለውም፤ መርዙ ያለው በፋብሪካው ዕቃ ላይ ነው» እያለ ያሞግሳታል። የመጀመሪያው በእናቱ ዕውቀት ያፍራል፤ ሁለተኛው ይመካበታል። ሁለቱም ግን እንዶዱን በእጃቸው ይዘው ይህ ምንድን ነው፣ እድፉን እንዴት ያስለቅቃል፣ ማንንስ ይጎዳል ብለው አልጠየቁም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ማሳሰብ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። በቤት ውስጥ የሚዘጋጁ ማጽጃዎች ሁሉ በዕድሜያቸው ሳይሆን በሥራቸው ይመዘኑ። አሮጌ ስለሆኑ አይጣሉ፤ ከቅጠልና ከፍሬ ስለተሠሩም ያለ ጥያቄ አይወደሱ። «ስለ አገር ዕድገት በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ ሳሙና ማውራት ምን ይባላል?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለእርሱ መልስ የሚሆን ታሪክ አለን።

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በአድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን በሽታ ያጠኑ ነበር። ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚደርሰው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። ሳይንቲስቱ ከወንዝ ወንዝ ሲዘዋወሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው አገኙ። ከዚያ በፊት በዚያው ወንዝ ዳር ስንት የተማረ ሰው አልፎ ይሆን? ያለፈው ሁሉ ያየው ልብስ ማጠብን ብቻ ነው፤ እርሳቸው ግን ቀንድ አውጣውን ምን ገደለው ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ወደ ቤተ ሙከራ ገባ፤ ከእንዶድ ፍሬ ውስጥ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ንጥረ ነገር ተለየ። ኋላም ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ኃይለኛውን መርጠው ለማልማት ደከሙ፤ ቁጥር 44 የሚባለው ዓይነት የዚያ ድካም ውጤት ነው። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። በአሜሪካ የሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲም የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ጥቃቅን ዛጎል ለበስ ፍጥረታትን በእንዶድ ለመግደል ምርምር አካሂዶ የፈጠራ መብት እስከ ማስመዝገብ ደርሷል። እንግዲህ የልብስ ማጠቢያው ነገር ለዩኒቨርሲቲ ያንሳል የሚል ካለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አላነሰበትም።

ወደ ማጠቢያው ገንዳ እንመለስ። እንዶድ የሚያጸዳው ሳፖኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሳፖኒን አንዱ ጫፍ ከውኃ ጋር ይስማማል፤ ሌላው ጫፍ ከቅባት ጋር። በዚህም የተነሣ ቅባት ያዘለውን እድፍ ከጨርቁ አላቆ ለውኃው ያስረክበዋል። የሳሙና ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው። ፍሬው ጠንክሮ ሳይቀላ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ በፀሐይ ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ ከእርጥበት ተጠብቆ ይቀመጣል። ሲያስፈልግ እፍኝ የማይሞላ ዱቄት ለብ ባለ ውኃ ተበጥብጦ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል፤ ገለባው ልብስ ላይ እንዳይጣበቅ በጨርቅ ይጠለላል። ነጠላና ጋቢን በእንዶድ ማጠብ የለመዱ እናቶች በሳሙና ዱቄት አንለውጠውም ሲሉ ሰምተናል፤ ይህን አባባል በሁለት ገንዳና በአንድ ጋቢ መፈተን ለአንድ የኬሚስትሪ ተማሪ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ነገር ግን ቀንድ አውጣን የገደለ ነገር ዓሣንም ይገድላል። እንዶድ ቢጠጣ መርዝ ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከቡና ቆርቆሮ አጠገብ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ ለሌላ ጉዳይ ብሎ የጠጣውን ሰው ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫንና ዓይንን ክፉኛ ይቆጣል፤ ወቃጯ አፍንጫዋን በሻሽ የምትሸፍነው ለወግ አይደለም። የታጠበበትን ውኃም ዓሣ ካለበት ወንዝ መድፋት አይገባም። «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ጓደኛችን በዚህ ላይ ምን እንደሚል ለመስማት እንጓጓለን።

አመድም እንደዚሁ ነው። የእንጨት አመድ በውኃ ሲዘፈዘፍ ፖታሽ የሚባለውን ጨው ይለቃል፤ ይህም አልካሊ ስለሆነ ቅባትን ይበጣጥሳል። ብረት ድስትን በአመድ የምታሽ ሴት ሳታውቀው የኬሚስትሪ ሥራ ትሠራለች እንላለን፤ «ሳታውቀው» ማለታችንም ስሙን ነው እንጂ ሥራውንማ ከእኛ ይበልጥ ታውቃለች። ለአልሙኒየም ድስት ግን አይሆንም፤ አልካሊ አልሙኒየምን ይበላል። ፌስታል የተቃጠለበት ምድጃ አመድም ለዕቃ አይውልም። ጋንና እንስራን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን ሌላ ሰፊ ርዕስ ነውና ለጠላ ጠማቂዎች እንተወዋለን።

ከአመድ ወደ ሳሙና አንድ እርምጃ ነው፤ አልካሊና ቅባት ሲዋሃዱ ሳሙና ይሆናሉና። ዛሬ በቤት ውስጥ ደረቅ ሳሙና መሥራት የሚፈልግ ሰው በአመድ ፈንታ ኮስቲክ ሶዳ ይጠቀማል። ለ100 ግራም የኑግ ዘይት 13 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይበቃዋል፤ ለፓልም ዘይት 14 ግራም ያህል። ውኃው 30 ግራም ገደማ ነው። በሚዛን እንጂ በማንኪያ አይለካም፤ ሶዳው ከበዛ ሳሙናው ቆዳ ያቃጥላል፤ ካነሰ ቅባቱ ይተርፋል። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ አይፈስም፤ አለዚያ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የሚበጠበጠውም በአልሙኒየም ዕቃ አይደለም። ከተቆረጠ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ከተማሪዎች ምግብ ቤት የሚደፋውን የተጠበሰበት ዘይት ስናስብ ይህ ስሌት ለምን ከመማሪያ ደብተር አልፎ እንደማይወጣ ይገርመናል።

ሎሚና ኮምጣጤ አሲድ ናቸው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ የውኃ ደለል ኮምጣጤ ያሟሟዋል፤ ኖራ ነውና። በዚያው ምክንያት የእምነ በረድ ወለልንና እምነ በረድ የተቀላቀለበትን ቴራዞ ይበላል፤ ስለዚህ ደረጃዎቻችንን በኮምጣጤ እናጥባ የሚል ካለ እንቃወመዋለን። ኮምጣጤን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ቀላቅሎ ሲፈላ ማየት ደግሞ ዛሬ በየቤቱ የተወደደ ምክር ሆኗል። መፍላቱ እውነት ነው፤ ደስም ይላል። ነገር ግን አሲዱና አልካሊው እርስ በርሳቸው ተጣፍተው የሚተርፈው ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ ነው። ሁለቱን ለየብቻ መጠቀም ይሻላል፤ ሶዳውን ለቅባትና ለሽታ፣ ኮምጣጤውን ለደለል።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ አስጻፈን ጉዳይ ደርሰናል። ይህም በመኖሪያ ሕንፃዎቻችን የሽንት ቤት ጽዳት ነው። በየጠዋቱ የሚያጸዱልን እናቶች በአንድ ባልዲ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ደባልቀው ሲደፉ እናያለን። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጂግ በኢፕር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። በሽንት ላይ በቀጥታ የፈሰሰ በረኪናም ክሎራሚን የሚባለውን ሌላ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል። ከሠራተኞቹ አንዷን ለምን ትደባልቁታላችሁ ብለን ብንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ሽታው አፍንጫ ካላቃጠለ አልጸዳም ትሉናላችሁ» አሉን። የዓይናቸው መቅላትና ሳላቸው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ይበቃል። ያንን ትምህርት የወሰድን በመቶ የምንቆጠር ተማሪዎች በዚያ ሽታ መካከል ጥርሳችንን እየፋቅን እናልፋለን።

የተፈጥሮ ማጽጃ ወዳጆችም በዚህ ላይ ንጹሕ አይደሉም። በረኪናው ጥሩ እንዲሸት ሎሚ ጨምሩበት የሚል ምክር ሰምተናል። ሎሚም አሲድ ነው፤ ከዛፍ መቀጠፉ ጋዙን አያስቀረውም።

በረኪና ይወገድ ማለታችን ግን አይደለም። የኮሌራ ሥጋት ባለበት ወቅት እንዶድም ሎሚም ኮምጣጤም በረኪናን አይተኩም፤ ይተካሉ ብሎ የሚያስተምር ሰው ወገኑን ይጎዳል። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈበት በረኪና ከሆነ አንድ ጣሳ በረኪና ከ9 ጣሳ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ግማሽ በመቶ ይሆናል፤ ይህም የታመመ ሰው የነካውን ወለል ለማጽዳት የሚበቃ ነው። አስቀድሞ ግን ወለሉ በሳሙናና በውኃ መታጠብ አለበት፤ ቆሻሻው በረኪናውን በልቶ ይጨርሰዋልና። በፀሐይ ላይ የዋለ ጄሪካንም ኃይሉ ይደክማል። ለዘወትር ወለልና መስተዋት ግን ሳሙናና ውኃ እያለ በረኪና መድፋት ገንዘብንም ሳንባንም ማባከን ነው።

ሌላም ሳይነሣ የማያልፍ ነገር አለ። የቤት ውስጥ ማጽጃ ርካሽ ነው ሲባል የማን ጉልበት ሳይቆጠር ነው የረከሰው? እንዶዱን የምትለቅመው፣ የምታደርቀው፣ የምትወቅጠው፣ ውኃውን የምትቀዳው እኅታችን ናት። ወንድሟ ስለ አገር በቀል ዕውቀት ንግግር ሲያደርግ እርሷ ሙቀጫ ላይ ናት። የሳሙና ዱቄት መግዛት የምትፈልግን ሴት ባህልሽን ናቅሽ ብሎ የሚወቅስ ወንድ መጀመሪያ ለአንድ ወር ዘነዘናውን ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ ንግግሩን እናዳምጣለን። በእኛ አስተያየት እንዶድ ወደ ቤት የሚመለስ ከሆነ በወፍጮ ተፈጭቶ፣ መጠኑና መርዛማነቱ በላዩ ተጽፎ፣ በማኅበር ተመርቶ መሆን አለበት እንጂ እንደገና በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ተጭኖ አይደለም።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር ቢያደርግ እንጠይቃለን። ለጽዳት ሠራተኞቹ የጎማ ጓንትና ክዳን ያለው የመለኪያ ጣሳ ይገዛላቸው፤ መመሪያውም በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የባልዲዎቹ ቀለም ይለይ። የኬሚስትሪ ክፍል መምህራን ፈቃዳቸው ቢሆን የምግብ ቤቱን ዘይት ወደ ሳሙና የመለወጡን ሙከራ ለተማሪዎች የተግባር ሥራ አድርገው ይስጡልን፤ የተሠራው ሳሙና ቆዳ የማይጎዳ መሆኑ ሳይፈተሽ ግን ለማንም አይታደል። የእንዶድና የሳሙና ዱቄት ውድድር ከላይ እንዳልነው በሁለት ገንዳ ተሞክሮ ውጤቱ፣ እንዶድ ቢሸነፍም እንኳ፣ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ።

እነዚህ ሁሉ ስብሰባና በጀት ይጠብቁ ይሆናል። አንዱ ሥራ ግን ምንም አይጠብቅም። በየፎቁ ባለው የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የአሲዱ ጠርሙስና የበረኪናው ጄሪካን ጎን ለጎን በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ ከፎቅ ተጠሪዎች ዘንድ ነው፤ ዛሬ ማታ ሊለያዩ ይችላሉ።