አገዳው ከማሳ ወጥቶ ማዳበሪያው ብቻ ሲገባ

የአፍሪካ መሪዎች እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2006 አቡጃ ላይ ተሰብስበው በሔክታር በአማካይ 8 ኪሎ ግራም የነበረውን የማዳበሪያ አጠቃቀም በ2015 ወደ 50 ኪሎ ግራም ለማድረስ ተስማምተው ነበር። አልተሳካም። ለዚህም የዋጋ ውድነት፣ የመንገድ ችግርና የብድር እጦት በምክንያትነት ሲጠቀሱ ይሰማል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ከሴኔጋል እስከ ሰሜን ናይጄሪያ በተዘረጋው የሳቫና ምድር ግን ብዙም የማይነሳ አራተኛ ጉዳይ አለ፤ ማዳበሪያው የሚያርፍበት አፈር ራሱ።

የአካባቢው አፈር በአብዛኛው አሸዋ የበዛበትና እጅግ ያረጀ ነው። ያለው ጥቂት ሸክላም ካኦሊናይት የሚባለው ዓይነት በመሆኑ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ ካልሲየሙንና ፖታሲየሙን ዝናብ አጥቦ እንዳይወስደው ይዞ የሚያቆየው በዋናነት ከበሰበሰ ቅጠል፣ ከሥርና ከፍግ የሚገኘው ኦርጋኒክ ቁስ ነው። እሱም ጥቂት ነው፤ በብዙ ማሳ ላይ የአፈሩ ካርቦን ሲለካ ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። ቀደም ሲል ገበሬው ማሳውን ለዓመታት ጦም እያሳደረ የጎደለውን ይተካ ነበር። የሕዝብ ቁጥር ጨምሮ መሬት ሲጠብ ግን ይህ አማራጭ እየጠፋ መጣ።

የሚሆነውን ለማወቅ አዲስ ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም። በሰሜን ናይጄሪያ ሳማሩ ከ1950፣ በቡርኪና ፋሶ ሳሪያ ደግሞ ከ1960 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የዘለቁ የማሳ ሙከራዎች ነበሩ። በሳሪያ ኬሚካል ማዳበሪያ ብቻ የተጨመረበት የማሽላ ማሳ መጀመሪያ ጥሩ ምርት ሰጠ፤ ዓመታት ሲያልፉ አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ምርቱ ወረደ። ፍግና ማዳበሪያ በአንድነት ያገኘው ማሳ የተሻለ ሆኖ ቀጠለ። ፍግ ብቻውን ይበቃል ማለት ግን አይደለም፤ ፎስፈረስ በጎደለው መሬት የበላ ከብት ፍጉም ፎስፈረስ ያንሰዋል።

እንግዲህ ገበሬውን “አገዳውን ማሳህ ላይ ተወው” ማለት ቀላል ነው። የማሽላ አገዳ ግን በዚያ አገር አጥር ነው፣ ጣሪያ ነው፣ ማገዶ ነው፣ በደረቁ ወራት ደግሞ የከብት መኖ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ኩበት ከማሳ ይልቅ ምድጃ እንደሚገባ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ገበሬው አፈሩን ስለናቀ አይደለም፤ እራት የሚበስልበት ሌላ ማገዶ ስለሌለው ነው።

ሲቻል ምን እንደሚመስልም ታይቷል። በካኖ ከተማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች የከተማውን ጥራጊና ፍግ በአህያ እያጓጓዙ ማሳቸውን ጦም ሳያሳድሩ በየዓመቱ ሲያርሱ ኖረዋል። በቡርኪና ፋሶ ያቴንጋ ደግሞ እንደ ድንጋይ በደረቀው መሬት ላይ ከዝናብ በፊት ትናንሽ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ በየጉድጓዱም እፍኝ እፍኝ ፍግ ይጨመራል። ፍጉን ፍለጋ የሚመጣው ምስጥ መሬቱን ሲሰረስር ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። “ዛይ” የሚባለውን ይህን ዘዴ አሻሽሎ ያስፋፋው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ በ2018 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል።

ሽልማቱ የሚገባው ነው። ነገር ግን አንዲት ፍየል እንኳ የሌለው ገበሬ ጉድጓዱን ቆፍሮ ምን ይጨምርበት? ለማዳበሪያ ድጎማ ከሚመደበው ገንዘብ ከፊሉ ለጋሪና ለአህያ፣ ለመኖ ተክልና ማገዶ ለሚቆጥብ ምድጃ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። እስካሁን የመንግሥታቱ ሪፖርት የሚቆጥረው የተከፋፈለውን ኩንታል ነው።