በጣና ዳርቻ ለታንኳም ቦታ ይኑር

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

ክቡር ከንቲባ፣

የጣና ዳርቻ በኮሪደር ልማቱ መልኩን እየቀየረ ነው። ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወጥቶ ሐይቁን እያየ የሚናፈስበት ቦታ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። የምጽፈው ከእግረኛው መንገድ ወዲያ፣ ከግንቡ በታች ስላለው ነው። ስለ ውኃው፣ በውኃው ላይ ስለሚመላለሱት ሞተር ጀልባዎችና እነሱ ስለሚያስነሱት ሞገድ።

ከመንገዱ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነገሩ ጨዋታ ይመስላል። ጀልባው ይከንፋል፣ ውኃው ይናወጣል፣ ልጆች ይስቃሉ። ታንኳ ላይ ለተቀመጠው ግን ሌላ ነው። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ቀዛፊ መቀመጫው ከውኃው ወለል ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውኃ ጠጥቶ የሰነበተ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ዝቅ ይላል። ጀልባው በጎኑ ሲያልፍ ወዲያው የሚሆን ነገር የለም። ሞገዱ የሚደርሰው ሞተሩ ካለፈና ድምፁ ከራቀ በኋላ ነው። ያኔ ሰውየው መንገዱን ትቶ የታንኳውን አፍ ወደ ሞገዱ ማዞር አለበት፤ በጎን ከመታው ጭነቱ ይንሸራተታል። የደንገል ታንኳ በቀላሉ አይሰምጥም፣ እውነት ነው። ይገለበጣል ግን። ክረምት ላይ አይሱዙ ኩሬ ጥሶ ሲያልፍ እግረኛውን ጭቃ እንደሚያለብሰው ያለ ነው፤ የአይሱዙው ሹፌር በመስታወት ማየት ይችላል፣ የጀልባው ነጂ ግን ወደ ኋላ ካልዞረ አያይም።

«ጣና ራሱ ሞገደኛ አይደለም ወይ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ በሰፊው ውኃ ላይ የሚነሳው ሞገድ የየትኛውንም ጀልባ ሞገድ ያስንቃል። ቀዛፊው ግን ይህን ከአባቱ ተምሯል፤ ስለዚህ ማልዶ ይወጣል፣ ነፋሱ ሳይነሳ ይደርሳል። የሞተሩ ሞገድ ሰዓት የለውም። ጠዋት ውኃው እንደተኛ፣ ያውም ሰው በሚበዛበት ዳርቻ፣ በደብረ ማርያም ደሴት መሻገሪያና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ደንብ ሲወጣም ሊሳት ስለሚችል ሰፋ አድርጌ ልናገረው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ሞገድ ይጨምራል ብለን እናስባለን። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። ጀልባ ቀስ ብሎ ሲሄድ ውኃውን ገፍቶ ያልፋል፣ የሚተወውም ትንሽ ነው። ቀላል ፈጣን ጀልባ በሙሉ ኃይሉ ሲበር ደግሞ ከውኃው ላይ ከፍ ስለሚል ሞገዱ መልሶ ይቀንሳል። ክፉው መካከለኛው ነው። አፍንጫው ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ኋላው ተቀብሮ፣ ውኃውን እየጎተተ የሚሄድበት ፍጥነት። ውኃ ውስጥ ያለው ርዝመቱ 9 ሜትር ለሆነ ጀልባ ይህ ጣጣ የሚጀምረው በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ነው። ውኃው ጥልቀት ከሌለው ደግሞ ይብሳል፤ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ ላይ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ብቻውን ሞገዱን ያከማቸዋል። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም፣ ወደ ዳርቻው ደግሞ ረግረግ ነው። እንግዲህ ታንኳ አይቶ በቅንነት ፍጥነቱን በግማሽ የሚቀንስ ነጂ፣ ሳያውቀው ትልቁን ሞገድ ሊሰጠው ይችላል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት «ቀስ ብለው ይንዱ» የሚል ሰሌዳ አይበቃም። ቁጥር ያስፈልጋል። የሞገድ ጉልበት የሚያድገው በቁመቱ ካሬ ነው፤ የ30 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ከ10 ሳንቲ ሜትሩ ዘጠኝ እጥፍ ጉልበት አለው።

ከጅቡቲ በየብስ ተጭና፣ ዳገት ቁልቁለቱን አልፋ ባሕር ዳር የገባችው ጣናነሽ ሁለት ጀልባ ስትመጣ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር። ትልቅ ስለሆነች ሥጋቱም ወደ እሷ ያዘነብላል። እኔን የበለጠ የሚያሳስቡኝ ግን ትናንሾቹና መካከለኞቹ ናቸው። ትልቅ መርከብ መስመርና ሰዓት ይኖራታል፤ እነሱ የትም ይገባሉ፣ ከየትም ይወጣሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ግንቡ ነው። ቀጥ ያለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግንብ ሞገድን አያጠፋም፣ ይመልሰዋል። የመጣውና የተመለሰው ግንቡ ሥር ሲገናኙ ቁመታቸው እጥፍ ይሆናል፣ ከታችም አፈሩን እየቦረቦሩ መሠረቱን ያጋልጡታል። ዛሬ ያማረው ግንብ ከዓመታት በኋላ ቢሰነጠቅ ጥፋቱን ግንበኛው ላይ ማላከክ ይቀለናል። ደንገል ግን ሞገድን ይበላል። ሞገዱ በየአገዳው መካከል ሲያልፍ ጉልበቱን ይጨርሳል። በከተማዋ ዳርቻ ደንገሉ እየሳሳ መምጣቱን የማያውቅ የለም። ቀሪው ይከለል፣ የተራቆተው ይተከል፣ ግንብ የግድ በሆነበት ቦታም ፊቱ በትላልቅ ድንጋዮች ተዳፋት ይሁን። ለቆሮሶ ዓሣም ቢሆን መራቢያው ያ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብ ረግረጉና ደንገሉም አብረው እንደተመዘገቡ ማስታወስ ደግ ነው።

ሦስተኛው የጀልባ መውጫና መውረጃው ነው። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በሰኔ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በጨረጨራ ከተሠራው የውኃ መቆጣጠሪያና በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በአንድ ከፍታ የተገነባ መቆሚያ ታዲያ በጥቅምት ልክ ቢሆን በሰኔ ገደል ነው። ወደ ሐይቁ ገዳማት የሚሻገሩ አዛውንት በሁለት ሰው ተደግፈው፣ አንድ እግራቸው ጀልባው ላይ አንዱ ሲሚንቶው ላይ ሆኖ ሲንጠለጠሉ ያየ ሰው ይህ የንድፍ ጉዳይ መሆኑ አይጠፋውም። ያን ጊዜ ሌላ ጀልባ ሞገድ እየጎተተ ካለፈማ አደጋ ነው። ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መቆሚያ፣ ካልሆነም እስከ ሰኔው ከፍታ የሚወርድ ሰፊ ደረጃ ይሠራ። ነዳጅ የሚቀዳበት ለብቻው፣ ሽንት ቤትና ቆሻሻ መጣያም እንዲሁ፤ ይህ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

ለታንኳ ደግሞ መቆሚያ ብቻ ሳይሆን ማድረቂያ ያስፈልገዋል። ውኃ የጠጣ ደንገል ወደ ደረቅ ተስቦ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚያስሩበትና የሚያደርቁበት ክፍት ዳርቻ በግንብ ተዘግቶ ካለቀ፣ ታንኳን በአዋጅ መከልከል አያስፈልግም፤ በራሱ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን በሆቴል ግድግዳ ላይ ብንሰቅል ምን ዋጋ አለው?

በዚህ ችግር የተፈተነች የመጀመሪያዋ ከተማ ባሕር ዳር አይደለችም። በቬኒስ የሞተር ጀልባ ሞገድ የቤቶቹን መሠረት ሲበላ፣ ቀዛፊዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ጀልባቸውን ይዘው በተቃውሞ ወጡ፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ በየዓመቱ የሚከበር የቀዘፋ በዓል ሆኗል። ከተማዋ በጠባብ ቦዮቿ በሰዓት 5፣ በትልቁ ቦይ 7 ኪሎ ሜትር ብላ ቁጥር አስቀመጠች። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮም ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ ተከለከለ። እዚያም ቢሆን ፍጥነት የሚጥስ አልጠፋም፤ ግን ጣሰ ለማለት የሚጣስ ቁጥር አለ።

«ሐይቁ የክልሉም የፌዴራሉም ነው» ሊባል ይችላል። የጀልባ ምዝገባና የነጂ ፈቃድ የሌላ መሥሪያ ቤት ይሁን። ዳርቻው፣ መቆሚያውና ከመቆሚያው ማን በምን ሁኔታ ይነሣል የሚለው ግን ከከተማው እጅ አይወጣም። ቱሪስት በተመናመነበት በዚህ ጊዜ የጀልባ ማኅበራቱን ጠርቶ መነጋገርም ይቀላል፤ ገበያው ሲደራ ማንም ለመቀመጥ ጊዜ አይኖረውም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከዳርቻው እስከ 200 ሜትር ድረስና በደብረ ማርያም መሻገሪያ በሙሉ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ይከልከል። ወሰኑን የሚያሳዩ ተንሳፋፊ ምልክቶች ይቀመጡ፣ እያንዳንዱ ጀልባ ከሩቅ የሚነበብ ቁጥር ይለጠፍበት። የዳርቻው ቀሪ ግንባታ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይታይ፤ ሲታይም በአዳራሽ ብቻ ሳይሆን ቀዛፊዎቹ እንጨታቸውን በሚያወርዱበት ቦታ፣ በጠዋት፣ እነሱ ባሉበት ሰዓት ይሁን። ምልክቶቹ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ቦታ የማይዳረሱ ከሆነ ከደብረ ማርያም መሻገሪያ ይጀመር፤ ክረምቱ ገብቶ ውኃው ከመሙላቱ በፊት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ