ከውስጥ ላለው የሚሠራ ዲግሪ

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በዚያ ዘመን ከታቀዱት አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነበር። ተማሪ አልቸገረውም፤ የቸገረው መምህር ነው። ከአዳዲሶቹ ተቋማት ብዙዎቹ ያስተማሩት የምረቃ ጋውናቸውን ገና አውልቀው ሳይጨርሱ በተቀጠሩ ወጣቶች፣ በግቢው ቋንቋ በ«ጂኤ»ዎች (ግራጁዌት አሲስታንቶች) ነበር። እነዚህን ልጆች ማስተርስና ዶክትሬት ማስተማር ግድ ነው። ሁሉንም ባንዴ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ መላክ ደግሞ ዲፓርትመንቱን መዝጋት ይሆናል፤ ውጭ የሄደውም ሁሉ አይመለስም።

በዚያው ሰሞን የደቡብ አፍሪካው የርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፈተ። የህንዱ የርቀት ዩኒቨርሲቲ ኢግኑም በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል ማስተርስ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ አዲስ አበባና ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች በህንድ መንግሥት የሳተላይት ፕሮጀክት ከኢግኑ ጋር ተያይዘው ኤምቢኤ ማስተማር ተጀመረ። መምህሩ ቦርሳውን ሳያነሳ የሚማርበት ዘመን መጣ ማለት ነው።

በዩኒሳ የዶክትሬት ተማሪ ክፍል ገብቶ አይቀመጥም። ፕሮፖዛሉን ይጽፋል፣ ምዕራፉን በኢሜይል ፕሪቶሪያ ላለው አማካሪው ይልካል፣ ከሳምንታት በኋላ ዳር ዳሩ በቀይ ተሞልቶ ይመለስለታል። ሶዶ ላይ ያለ መምህር ይህን የሚያደርገው ቀን ሁለት ሦስት ክፍል አስተምሮ፣ የፈተና ወረቀት አርሞ፣ ማታ ላይ ነው። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ይፈልጋል፤ ዋይፋዩ ሲንቀራፈፍ ከስልኩ ዳታ ያወጣል፤ አንዷ ፋይል ዘጠና በመቶ ደርሳ ትቆማለች። የማዕከሉን ቤተ መጻሕፍት ካሻው አቃቂ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቀዋል። የባሰም ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢዎችን ሲዘጋ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኦንላይን ይቀጥሉ ተባለ፤ ሰኔ 23 ቀን ግን ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ።

ይህን ሁሉ አልፎ የጨረሰው ግን ተጠቅሟል። ወንበሩ የራሱ ነው፤ ዲግሪው የሚጨመረው በላዩ ላይ ነው። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ለመሻገር መንገዱ ይከፈትለታል፣ የማስተርስ ተማሪዎች ያማክራል፣ ኮሚቴ ውስጥ ይገባል። «በርቀት ነው የተማርከው?» ብሎ የሚያፈጥበት የለም፤ ባልደረቦቹ ሲያስተምር ያውቁታል። መለስ ዜናዊም እ.ኤ.አ. በ1995 ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ ሲያገኙ አገር እየመሩ ነበር። ያን ዲግሪ ይዘው ሥራ ፍለጋ የማንም በር ላይ አልቆሙም።

ቦዲቲ ወይም አረካ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የሆነው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። በርቀት ቢማር የትምህርት ክፍያው ከደመወዙ ነው፤ በወላይታ ዞን ደግሞ ደመወዝ በወቅቱ አልተከፈለንም ያሉ መምህራን ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው በ2016 ዓ.ም. በሰፊው ተዘግቧል። ተበድሮም ቢሆን ማስተርሱን ይጨርሳል እንበል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዲግሪው አንድ ነገር ያደርግለት ይሆናል። የዩኒቨርሲቲ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሲያይ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤት ይጠየቃል፣ የትምህርት መስኩ ከመጀመሪያው ጋር መግጠም አለበት፣ ዲግሪው ከውጭ ተቋም ከሆነ የአቻ ግምት ማምጣት አለበት። ከዚህ በኋላ ነው ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈው ጥያቄ የሚመጣው፦ የት ነው የተማርከው? እንዴት?

ጥርጣሬው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ የአዳምስና የደፍለር ጥናት የዩኒቨርሲቲ መምህር ቀጣሪ ኮሚቴዎችን ጠይቆ ነበር። በኦንላይን ዶክትሬት ከያዘውና በመደበኛው ከያዘው ማንን ትመርጣላችሁ ሲባሉ ሁሉም ማለት ይቻላል መደበኛውን መረጡ። አንዱ ዋና ምክንያታቸው ተማሪው ከፕሮፌሰሮቹና ከጓደኞቹ ጋር ፊት ለፊት አልዋለም የሚል ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ መንግሥት የርቀት ትምህርት ይቁም ማለቱ የማይረሳ ነው። እገዳው ከወራት በኋላ ቢላላም ስሙ ላይ የተለጠፈው ነገር አልተላጠም። በየጊዜው የሚሰማው የሐሰተኛ ማስረጃ ወሬም በሐቅ የደከመውን ጭምር ያስጠረጥራል።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጆርጂያ ቴክ በኮምፒውተር ሳይንስ በኦንላይን የሚሰጠው ማስተርስ ብዙ ጊዜ የስኬት ምሳሌ ሆኖ ይነሳል። ዲፕሎማው ላይ «ኦንላይን» የሚል ቃል የለም፤ ክፍያውም ከመደበኛው በብዙ ያነሰ ነው። እሱንም ቢሆን የሚማሩት በአብዛኛው ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቃሉን ከወረቀቱ ማውጣት ይቻላል፤ ውጭ የቆመን ሰው ወደ ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ሥራ ነው።

የጎደለው ትምህርቱ አይመስልም። መጽሐፉ ያው ነው፣ ፈተናውም አንዳንዴ ይከብዳል። የኦንላይን ተማሪ የሚያጣው አብሮት ጽሑፍ የሚያሳትም ባልደረባ፣ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» የሚል መምህር፣ ሴሚናር ላይ ተነስቶ የሚሞግተው ሰው ነው። የሶዶው ሌክቸረር እነዚህን ሁሉ በሥራ ቦታው ያገኛቸዋል። የቦዲቲው መምህር አያገኛቸውም፤ ምንም እንኳ ከዩኒቨርሲቲው ጋንዳባ ካምፓስ ያለው ርቀት በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ቢሆን።

አሁን የትምህርት ሚኒስቴር ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአማካሪ ድርጅቱ ሻያሾኔ ጋር ሆኖ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራንን በኦንላይን ማስተማር እያሠለጠነ ነው። ሥልጠናው ለውስጠኞቹ መሆኑ እዚህም አልቀረም። ለብቻው ሞጁል ሲያነብ የከረመ፣ በተቋረጠ ኔት አሳይመንት ያስገባ ሰው ግን ተማሪ ከስክሪኑ ወዲያ ምን እንደሚቸግረው ሳይነገረው ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ለማቅረብ ዲፓርትመንቶች የማስተርስ ሴሚናራቸውን በከተማውና በየወረዳው ላሉ የኦንላይን ተማሪዎች ቢከፍቱ፣ ምዕራፋቸውን እንዲያቀርቡ በሴሚስተር አንድ ከሰዓት ቢሰጧቸው፣ ይህ ነው የሚባል በጀት አይጠይቅም። ቀጣሪ ኮሚቴውም በሚቀጥለው ጊዜ ከእነሱ አንዱ ሲያመለክት ወረቀቱን ብቻ ይዞ አይቀመጥም።