ተላላፊ በሽታና የቤት መስኮት

በቤታችን ሰው ሲታመም ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ነው። ሐኪሙ ገና እየመረመረ ሳለ ቤተ ሰቡ ምን ማድረግ እንደሚገባው ዛሬውኑ እንዲነገረው ይሻል። የዓለም መንግሥታትም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ በዚሁ ጭንቅ ላይ ወደቁ።

የዓለም የጤና ድርጅት በመጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. በሽታው ዓለምን ያዳረሰ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ፤ በዚያው ወር በ19 ቀንም በሽታው በአየር የሚተላለፍ አይደለም ሲል ለሕዝብ ነገረ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሊቃውንት በሽታውን የሚያስተላልፈው በሳልና በማስነጠስ ወጥቶ ወዲያው ወደ ምድር የሚወድቅ ጠብታ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ እጁን እንዲታጠብና ቢያንስ አንድ ሜትር ተራርቆ እንዲቆም ተመከረ። ምክሩ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን ሙሉ አልነበረም።

በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በመጋቢት 1 ቀን 61 መዘምራን በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዜማ ሲለማመዱ አመሹ። ከመካከላቸው አንዱ ታሞ ስለ ነበር፥ እርሱን ጨምሮ 53ቱ ታመሙ፤ 2ቱም ሞቱ። በሰኔ ወር መጨረሻም 239 ሊቃውንት በደገፉት ደብዳቤ፥ ሰው ሲተነፍስና ሲናገር የሚወጣው ረቂቅ ጠብታ በተዘጋ ቤት ውስጥ ተንሳፎ እንደሚቆይ፥ ስለዚህም አየር ማናፈስ እንደሚገባ አሳሰቡ። ድርጅቱ ግን ይህን መተላለፊያ በግልጽ የጻፈው በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ከገበያ የመጣውን ዕቃ አንድ በአንድ እየጠረገ፥ መስኮቱን ግን ዘግቶ ተቀመጠ።

እኛ እነዚህን ሊቃውንት ሁሉን ስላላወቁ አንነቅፋቸውም፤ አዲስ በሽታን በአንድ ወር መርምሮ የሚጨርስ የለምና። ነገር ግን በችሎት ምስክር አልቀረበም ማለትና ነገሩ አልተደረገም ማለት የተለያዩ እንደ ሆኑ፥ በጤናም ጉዳይ ማስረጃ አላገኘንም ማለትና በአየር አይተላለፍም ማለት አንድ አይደለም። መስኮት መክፈት ወጪው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ማስረጃው እስኪሞላ ሳይጠበቅ አስቀድሞ ሊመከር ይቻል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሕዝብ የሚያዝዝ ሹም ትእዛዝ ሲሰጥ ያወቀውንም ገና ያላወቀውንም ለይቶ ቢናገር፥ ኋላ ትእዛዙ ሲለወጥ ሰው አይታወክበትም፤ እምነቱም አይጎድልም። በየቤታችሁም ሳል የያዘው ሰው ሲኖር፥ እጅ መታጠቡን ሳትተዉ መስኮቱን ክፈቱ።