መኪናዋ ባለቤቷን ስትቆልፍበት

ዛሬ ከወጥ ቤት ወጣ ብዬ ስለ መኪና ላወራችሁ ነው።

በጥር ብርድ፣ እሑድ ማለዳ ነው። ለክርስትና የታዘዝነውን ዶሮ ወጥና እንጀራ አሮጌዋ ሚኒቫኔ ላይ ጫንኩ፤ በሪሞት ቆልፌ ኮቴን ላመጣ ገባሁ። ስመለስ ሪሞቱን ብጫን ብጫን አልሰራ አለ። በቁልፉ ስከፍታት እሪታዋን አቀለጠችው! ላስነሳት ብል ሞተሯ ጭራሽ ዝም። ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ አሉ። ባለቤቴ ደግሞ «ኧረ ሽቦውን ቁረጠውና እንገላገል!» ትለኛለች። እውነቴን ነው፣ ቢላዋ አንስቼ ነበር።

ደግነቱ የምናውቀው መካኒክ ስልኩን አነሳ። «ጋሼ፣ ምንም እንዳይቆርጡ! አላርሙ የሞተሪኖውን መስመር ዘግቶት ነው። በዳሽቦርዱ ሥር ትንሽ ቁልፍ ይፈልጉ» አለኝ።

ለካ በኋላ የተገጠመ አላርም ሁሉ ማለት ይቻላል «ቫሌት» የሚባል የተደበቀ መጫኛ አለው። በብዙዎቹ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በሩን ከፍታችሁ ገቡ፤ የመኪናውን ቁልፍ ሞተሩ ሳይነሳ ዳሽቦርዱ እስኪበራ ድረስ ብቻ አዙሩ፤ ወዲያው፣ ሰከንዶች ሳያልፉ፣ መጫኛውን አንዴ ተጫኑት። አንዳንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ መጫን ይፈልጋል። እኔ ከመሪው በታች በጣቴ ስዳብስ አገኘሁት። ስጫነው ጸጥ! ሞተሯም ተነሳች።

ጥፋቱ የሪሞቱ ባትሪ ነበር። ብዙ አሮጌ ሪሞቶች ውስጥ ያለችው 12 ቮልት የሆነች ትንሽዬ ድብልብል ባትሪ ናት፤ ዋጋዋም ርካሽ ነው።

አላርማችሁ ያለ ምክንያት ሌሊት የሚጮህ ከሆነ ደግሞ እነዚህን እዩ፦

የመኪናው ባትሪ፦ ሲደክም አላርሙ ይሳሳታል። አድሮ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት።

የኮፈኑ መጫኛ፦ ኮፈኑ ሲዘጋ የሚጫናት ባለ ስፕሪንግ ቁልፍ በመንገድ ጨው ትዝጋለች። ያኔ አላርሙ ኮፈኑ የተከፈተ ይመስለዋል። አጽዱት ወይ አስቀይሩት።

የንቅናቄ ሴንሰሩ፦ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ከጮኸ ስሜቱ በዝቷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ በትንሽ ብሎን ይቀነሳል፤ በጥቂት በጥቂቱ እያዞራችሁ ሞክሩት።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መብራትም ስንቴ ብልጭ እንዳለች ቁጠሩ። በብዙዎቹ አላርሞች ቁጥሩ የትኛው በር ወይም ሴንሰር እንዳስጮኸው ይናገራል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። መኪናዋን ያገለገለች ሆና ነው የገዛኋት። መካኒኩ ሲያያት ከእኔ ሌላ አንድ ሪሞት ተመዝግቦባት አገኘ። ስድስት ዓመት ሙሉ የማላውቀው ሰው በሬን መክፈት ይችል ነበር ማለት ነው! አስጠፋሁት። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ፣ እናንተም አስፈትሹ።

ክርስትናው ላይ ግማሽ ሰዓት ዘግይተን ደረስን፤ ወጡ ግን አልቀዘቀዘም ነበር። እናንተ እንደኔ በጭንቅ ሰዓት አትፈልጉት። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ያችን መጫኛ በብርሃን ፈልጓት፤ ለትዳር ጓደኛችሁና መኪና ለሚነዱ ልጆቻችሁም አሳዩአቸው።

ሰላም ያገናኘን።