ሃያ ጥያቄ ጠይቆ መሄድ

ሰሞኑን አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ «ትራውማ አለብኝ» የማይል ወጣት ማግኘት ከባድ ሆኗል። ፍቅረኛው ስልክ ያላነሳችለት ትራውማ፣ አለቃው የገላመጠው ትራውማ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት የቆመውም ትራውማ! ስልኩን ያወጣል፣ ሃያ ጥያቄ ይመልሳል፣ ነጥቡ ይደመርለታል፣ ከዚያ ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ይሁን፤ ዛሬ ጠባችን ከሱ ጋር አይደለም። ጠባችን ያንኑ ሃያ ጥያቄ በወረቀት አባዝተው፣ ጦርነትና መፈናቀል ያደቀቀው አገር ድረስ ወርደው፣ ጠይቀው፣ ደምረው፣ መቶኛ አውጥተው ከሚመለሱት ጋር ነው። የተጠየቀው ሰውዬስ? እሱማ እዚያው ቀረ።

ወረቀቱን ለማያውቅ ባጭሩ እናስተዋውቅ። ስሙ ፒሲኤል-5 ይባላል። ፒቲኤስዲ የሚሉትን፣ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚከተለውን የአእምሮ ጭንቀት፣ ለመለየትና ለመከታተል የተሠራ ነው። የሠሩት በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የፒቲኤስዲ ማዕከል ባለሙያዎች ናቸው። የአሁኑ ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ አባቱ የተሞከረው በቬትናም ዘማቾች ላይ ነው። ባለፈው አንድ ወር ክፉው ትዝታ ምን ያህል አስቸገረህ? ቅዠቱስ? እንቅልፍስ? መበርገጉስ? ለያንዳንዱ ከ0 («በጭራሽ») እስከ 4 («እጅግ በጣም») ትሰጣለህ። ድምሩ ከ80 ነው፤ ከ31 እስከ 33 ባለው መስመር ከደረስክ ፒቲኤስዲ «ሊኖርብህ ይችላል» ትባላለህ። ይቺን «ይችላል» ያዙልን፣ በኋላ እንፈልጋታለን። የወረቀቱ ባለቤቶች ራሳቸው የመጨረሻው ቃል የባለሙያ ቃለ መጠይቅ እንጂ የነጥብ ድምር አይደለም ይላሉ።

እንግዲህ ወረቀቱን ይዘን ጥሊሊ እንውረድ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ አልፏታል፤ ከቡሬ በኋላ፣ ኮሶበር (እንጅባራ) ሳይደረስ፣ መንገድ ዳር ያለችው የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። ያለችበት የአዊ ዞን ሰው በጥቂት ዓመት ያየውን እንቁጠር። ታኅሣሥ 2013 ከዞኑ አጎራባች መተከል፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ላይ ከ200 በላይ ሰዎች በአንድ ጥቃት ተገደሉ። ከመተከል የሸሸው ሕዝብ ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው መጠለያ ሰፈረ፤ ቻግኒ ደግሞ እዚያው አዊ ዞን ናት። ጥቅምት 2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ ተባለ፤ ዓመት ሳይሞላው አማራ ክልል ሌላ ውጊያ ውስጥ ገባ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ በ2016 ጊዜው ሲያበቃ ተኩሱ አብሮት አላበቃም።

ታዲያ እዚህ «ከአደጋ በኋላ» የሚለው «በኋላ» ከየት ላይ ነው የሚጀምረው?

ከሃያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ከልክ በላይ ንቁና ተጠባባቂ ሆነህ ነበር ወይ ይላል። ሌላው ዓለም አደገኛ ናት፣ ማንም አይታመንም ብለህ ታምናለህ ወይ ይላል። ከጦር ሜዳ ተመልሶ አሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የሚቆም ሰው እዚህ ላይ 4 ሲሞላ የሕመም ምልክት ነው፤ እንስማማለን። ቀጣዩ ኬላ ላይ ማን እንደሚያስቆመው የማያውቅ ሹፌር 4 ሲሞላስ? በኛ አገር ይኼ ልቦና ይባላል። እርግጥ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ጠንቃቃም የታመመም መሆን ይቻላል። ለመለየት ግን ቁጭ ብሎ ማነጋገር ይጠይቃል፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ወረቀት ይኼን አይለይም።

ሌላው ጉድ «ራስን በራስ የመሙያ መጠይቅ» የሚለው ስሙ ነው። እስቲ አንዲት እናት እናስብ (የኛ ፈጠራ ናቸው፣ ግን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ)። ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ የሚያነብላቸው ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ ነው። ሀዘናቸውን የሚያወሩት በአዊኛ ነው፤ ወረቀቱ በአማርኛ ነው፣ አማርኛው ደግሞ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ። «እናቴ፣ ባለፈው አንድ ወር ተደጋጋሚ የሚረብሽ ሕልም በመጠኑ፣ በብዙ ወይስ እጅግ በጣም አስቸግሮዎታል?» እሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ልጁ ይኼን የት ላይ ያክብበው? ዜሮ? ትንሽ ቆይተው ደግሞ የሞተው ባላቸው በየሌሊቱ እንደሚመጣባቸው ያወራሉ፤ ለሳቸው ግን ይኼ መልእክት እንጂ ሕመም አይደለም፣ ተዝካሩ ስላልወጣ ነው። ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ ጎኔን ይወጋኛል ይላሉ። ወረቀቱ ለሥጋ የሰጠው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሷም ትዝታው ሲመጣ የሚሰማውን የልብ ምትና ላብ ነው የምትጠይቀው። ሆድ የለም፣ ጎን የለም።

ይኼን ያልነው አገር ወዳድ ለመምሰል አይደለም። ኤድንብራ ላይ ለወላዶች የተሠራው የድባቴ መጠይቅ ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት መጠይቁ እዚያ በደንብ እንደማይሠራ አሳይቷል፤ በዚያው ፍተሻ የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄዎች የተሻለ ሠርተዋል። ማለትም መፈተሽ ይቻላል! አገራችን ውስጥ ተችሏል።

አሁን ወደሚያስፈራው እንምጣ። ከፒሲኤል-5 ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሄድ 17 መስመር ያለው የክፉ ገጠመኞች ዝርዝር አለ። ሰው ሲገደል አይተሃል? ይላል። እዚያው ዝቅ ብሎ፣ አንተ ራስህ በሌላ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት አድርሰሃል? ይላል። እስቲ ይኼን ጥያቄ ውጊያ ባለበት ወረዳ፣ ከማያውቁት ሰው፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ ሲመጣባችሁ አስቡት። ቀን መንግሥት፣ ሌሊት ሌላ ኃይል በሚመጣበት ቀበሌ ማን ነው «አዎ» የሚለው? «ስምዎ አይጻፍም» ይባላል። ቤቱ ግን ይታወቃል፣ ሲጠየቅም ጎረቤት አይቷል። በተቃራኒው መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው ወረቀት ሲያይ የሚያስበው የእርዳታ ምዝገባ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁሉንም «እጅግ በጣም» ቢል ማን ይፈርድበታል? አንዱ ፈርቶ ዜሮ ይላል፣ ሌላው ተርቦ አራት ይላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ደምሮ አማካይ ያወጣል።

ስለ አማካይ ካነሳን፣ ከጌዴኦና ጉጂ ግጭት በኋላ በጌዴኦ ተፈናቃዮች ላይ በዚሁ መጠይቅ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ፒቲኤስዲን 58.4 በመቶ ላይ አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው፣ አራት ከግጭት የወጡ አገሮችን ያነጻጸረው ጥናት ደግሞ የሠለጠኑ ጠያቂዎች በሚያካሂዱት ረጅም ቃለ መጠይቅ ነበር የሠራው፤ አልጄሪያ 37.4፣ ካምቦዲያ 28.4፣ ጋዛ 17.8፣ የኢትዮጵያው ናሙና 15.8 በመቶ። ሰዎቹም ዘመኑም ይለያያሉ፣ አንዱን ይዘን ሌላውን ውሸት ነው አንልም። ግን መሣሪያው ሲለወጥ ቁጥሩም እንደሚለወጥ የማይነግረን ጋዜጣ አይጠቅመንም። ኢራቅ ኩርዲስታን ውስጥ በተፈናቃዮች ላይ ሲፈተሽ ደግሞ ተስማሚው መስመር 33 ሳይሆን 23 ሆኖ ተገኘ። 27 ያመጣች ሴት አንዱ ጋ ታማሚ፣ አንዱ ጋ ጤነኛ ናት ማለት ነው። የጥሊሊ መስመር ስንት ነው?

«ይችላል»ን አሁን እናውጣት። ለምሳሌ ያህል ከ1000 ሰው 100ው በእርግጥ ታመዋል እንበል። መጠይቁ ከታመሙት 80ውን ይያዝ፤ ከጤነኞቹም ከመቶ 20ውን በስህተት ይያዝ። ከ900 ጤነኛ 180 ማለት ነው። መስመሩን ካለፉት 260 ሰዎች 180ው የሉበትም፣ ከታመሙት ደግሞ 20ው «ደህና ናችሁ» ተብለው ቤታቸው ገብተዋል። ለዚህ ነው ከመጠይቁ በኋላ የሚያነጋግር ሰው የግድ የሚሆነው። ያ ሰው ከሌለ የተያዙት 260 ሰዎች ምን ይሁኑ? «በሽተኛ ነህ» ተብለው ይቀመጡ?

«ታዲያ ዝም እንበል? ቁጥር ከሌለ በጀት የለም» የሚሉን ወዳጆች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ወረቀቱንም አንጠላውም፤ እንዲያውም ጥሩ ጎኑ የተረሳ ይመስለናል። ያው አንድ ሰው ሕክምና ሲጀምር 52፣ ከወር በኋላ 40፣ ከሦስት ወር በኋላ 24 ካመጣ፣ መስመሩ 33 ይሁን 23 ብዙ አያስጨንቅም፤ ሰውየው የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው። ነርሷም ዘዴዋ እየሠራ መሆኑን ታይበታለች። ግን ክትትል የሚባለው ሰውየው ተመልሶ የሚመጣበት ቦታ ሲኖር ነው። የኛዎቹ አንድ ቀን ጠይቀው ይሄዳሉ።

የአእምሮ ሐኪም የለማ! የሚለውንም ሰልችተናል። ኡጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ከስደተኞቹ መካከል የተመረጡ፣ የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ሰዎች ሠልጥነው፣ የሕይወት ታሪክን በቅደም ተከተል በማስነገር የሚሰጠውን ሕክምና ለሩዋንዳና ለሶማሌ ስደተኞች ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት እንደሠራ ያሳያል። ስለዚህ የጥሊሊ ነርስ፣ አዊኛ የምትችለዋ፣ ሠልጥና ይኼን መሥራት አያቅታትም።

የምንጠይቀውም ይኼንኑ ነው። የጥናት ፈቃድ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ከሃያኛው ጥያቄ በታች አንድ መስመር ይጨምሩ፦ መስመሩን ያለፈውን ሰው የሚቀበለው ማን ነው፣ የት ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ቋንቋ? ያቺ መስመር ባዶ ከሆነች ወረቀቱ ከቢሮ አይውጣ።