የጤና ምክር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም

ይህ ከአባቶች የመጣ ምሳሌ ለብዙ ዐይነት ሕመም የሚነገር ቢሆንም፥ በወንዶች አባለ ዘር ላይ ለሚደርሰውና ለወራት ለሚቈየው ሕመም በተለይ የተባለ ይመስላል። ራሱን ያመመው ሰው ለጓደኛው ይናገራል፤ ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ይዞ በአደባባይ ይሄዳል። ሽንቱ የሚያቃጥለው፥ ቈለጡ የሚጠዘጥዘው፥ ወይም በአባለ ዘሩ ላይ ቁስል የሚመላለስበት ሰው ግን ለማንም አይናገርም። ሳይናገርም ከመድኃኒት መሸጫ አንድ ዐይነት ክኒን ይገዛል፤ ሳይሻለው ሲቀር ሌላ ይገዛል፤ በመጨረሻም ሚስቱን መጠርጠር ይጀምራል። ያን ጊዜ የአንድ ሰው ሕመም የነበረው ነገር የቤተ ሰብ ጠብ ይሆናል።

ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የምንናገረው፥ ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም በግምት ሳይሆን በሥርዐት ሊፈለግ የሚገባው መሆኑን ነው። በሥርዐት የተፈለገ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ባይገኝም እንኳ ሕመሙ ምን እንዳልሆነ ይታወቃልና ከከንቱ ሥጋትና ከከንቱ መድኃኒት ያድናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የፍለጋው መጀመሪያ የሕመሙ ታሪክ ነው። ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የሚከተለውን ቢጽፍ መልካም ነው፤ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ የሚያቃጥለው በሽንት መጀመሪያ ወይም በመጨረሻ እንደ ሆነ፥ ፈሳሽ ካለ መልኩ ምን እንደሚመስል፥ ከማን ጋር ግንኙነት እንዳደረገ፥ በየትኛው ወንዝ ወይም ኩሬ እንደ ታጠበ፥ በመጨረሻም እስከ ዛሬ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ከነጊዜው። ለራስ ምታትና ለተቅማጥ የተወሰደውም ክኒን ሳይቀር ይጻፍ።

ለተቅማጥ የተወሰደ ክኒን ከአባለ ዘር ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሰው ቢኖር ይህን ምሳሌ ይመልከት። አንድ ሰው በየጥቂት ወሩ በአባለ ዘሩ ራስ ላይ፥ ሁልጊዜም በዚያው ስፍራ፥ ክብ የሆነ ቁስል ይወጣበታል እንበል። ቁስሉ ሲድን ጥቍር ምልክት ይተዋል። ሰውየው የአባለ ዘር በሽታ ነው ብሎ በማሰብ ከዚህ በፊት ለተቅማጥ ወስዶት የነበረውን ኮትሪሞክሳዞል እንደገና ይወስዳል። ቁስሉም ይብስበታል። እንዲህ ያለውን ቁስል የሚያመጣው መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ የአንዳንድ ሰዎች ቈዳ ይህንና ቴትራሳይክሊንን የመሰሉትን መድኃኒቶች አይቀበልምና፥ ክኒኑ በተዋጠ ቍጥር ቁስሉ በዚያው ስፍራ ይመለሳል። ይህንን የሚገልጠው ምርመራ ሳይሆን ያ የተጻፈው ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ በዓይንና በእጅ የሚደረግ ምርመራ ነው። ሸለፈቱ እየቀላ የሚያሳክከውና ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ፈንገስ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ፈንገሱም ደጋግሞ ሲመጣ ከበስተ ኋላው ያልታወቀ የስኳር በሽታ እንዳለ መጠርጠር ይገባል። ስለዚህ ሐኪሙ ደም ቢያስመረምር ሕመምተኛው አይደነቅ። ከቈለጡ በስተ ኋላ ያለው ክፍል ቀስ በቀስ የጠነከረና ያበጠ እንደ ሆነ፥ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተሐዋሲ ከሳንባ አልፎ ወደዚያ ደርሶ ሊሆን ይችላል። በቈለጡ ላይ ሕመም የሌለው እብጠት ያገኘ ሰው ግን፥ አያመኝም ብሎ ሳይዘገይ ሊታይ ይገባዋል፤ ካንሰር እንዲህ ሆኖ ሊጀምር ይችላልና።

ሦስተኛው ደረጃ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ሽንቴ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም የሚሉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ ሽንት ሁሉን አይናገርም፤ የሚሰጥበት ሰዓትና የሚሰጠው ክፍል እንደሚፈለገው በሽታ ይለያያል። ክላሚዲያ የተባለውን ተሐዋሲ ለማግኘት የሚያስፈልገው፥ ሰውየው ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይሸና ቈይቶ የሚሰጠው የሽንት መጀመሪያ ነው። የነቀርሳን ተሐዋሲ ለማግኘት በተከታታይ ቀኖች የጧት ሽንት ይሰጣል። የቢልሃርዚያን እንቍላል ለማየት ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሸና ሽንት፥ በተለይም የመጨረሻው ጠብታ ይፈለጋል።

የቢልሃርዚያ ትል በ1851 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ ቴዎዶር ቢልሃርዝ በተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ተገኘ። በፊኛ ዙሪያ የሚኖረው ዐይነት በአዋሽ ሸለቆ ዝቅተኛ ስፍራዎች፥ እንዲሁም በሶማልያ በጁባና በሸበሌ ወንዞች ዳር ይገኛል። ትሉ በውሃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቈዳ ይገባል፤ ምልክቱም በሽንት መጨረሻ፥ አንዳንድ ጊዜም በዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚታይ ደም ነው። ትሉ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፥ ከቈላ አገር ወደ ደጋ ከተማ የተዛወረ ሠራተኛ ቀድሞ የታጠበበትን ወንዝ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ስለ ጨብጥ እንነጋገር። የጨብጥን ተሐዋሲ አልበርት ናይሰር በ1879 ዓ.ም. ካገኘው ወዲህ፥ የወንድን ፈሳሽ በመስታወት ላይ ቀብቶና ቀለም ነክሮ በአጉሊ መነጽር ማየት የታወቀ ሥራ ሆነ። ሆኖም በብዙ ሰዎች ፈሳሽ ውስጥ መግል እየታየ የጨብጥ ተሐዋሲ አይገኝም ነበር። ሐኪሞችም ስም ስላጡለት «ጨብጥ ያልሆነ የሽንት ቧንቧ መቈጣት» ብለው ጠሩት። ኋላ ግን ከዚህ ውስጥ ብዙው በክላሚዲያ የሚመጣ መሆኑ ታወቀ፤ ይህም ዓይንን ከሚያሳውረው ከትራኮማ ጋር ዘሩ አንድ ሆኖ ወገኑ የተለየ ተሐዋሲ ነው።

ከዚህም በኋላ ምክንያቱ ያልተገኘለት ሕመም ቀርቶ ነበር። በ1980 ዓ.ም. በለንደን እንዲህ ያለ ሕመም ከነበረባቸው 13 ወንዶች በ2ቱ ላይ፥ ዛሬ ማይኮፕላዝማ ጄኒታሊየም የሚባለው እጅግ ረቂቅ ተሐዋሲ ተገኘ። ይህ ተሐዋሲ የሕዋስ ግድግዳ የሌለው ስለ ሆነ ፔኒሲሊንና የፔኒሲሊን ወገኖች አይነኩትም፤ በላቦራቶሪም ለማሳደግ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የሚፈለገው ዘረ መሉን በሚለይ ምርመራ ነው። ከዚህ የምንማረው፥ «ምንም አልተገኘም» ማለት «ምንም የለም» ማለት እንዳልሆነ ነው። ሕመሙ አዲስ ሲሆን ጤና ጣቢያው ጨብጥንና ክላሚዲያን በአንድነት ማከሙ ተገቢ ነው፤ በታዘዘው መሠረት ተወስዶ ሳይሻል ሲቀር ግን ያንኑ መድኃኒት መደጋገም ተሐዋሲውን መድኃኒት ያስለምደዋል እንጂ አያድንም።

ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ የቀረ እንደ ሆነስ? ከቈለጥ እስከ ፊንጢጣ ባለው ስፍራ ለሦስት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚቈይ፥ ረዥም ጊዜ ሲቀመጡ ወይም ዘር ከፈሰሰ በኋላ የሚብስ ሕመም አለ። ቀድሞ ሁሉም የፕሮስቴት ዕጢ ቁስለት ይባል ነበር። በ1995 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰበሰቧቸው ሊቃውንት ይህን ሕመም በአራት ክፍል ለዩት። ከአራቱም የሚበዛው ተሐዋሲ የማይገኝበትና በዳሌ ውስጥ ካሉት ጡንቻዎችና ነርቮች ጋር የተያያዘው ክፍል ነው። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ሕመምተኛው ቀባጣሪ አይደለም። ጡንቻው ሳይታወቅ ተኮማትሮ ይቈያል፤ ሐሳብና ፍርሃት ደግሞ ያጠብቁታል። ለዚህ የሚረዳው ጡንቻን ማላላት የሚያስተምር የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና፥ ለብ ባለ ውሃ መቀመጥ፥ ከወንበር በየጊዜው መነሣትና ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቅም ነገር አለ። በድንገት የመጣ ብርቱ የቈለጥ ሕመም ቈለጡ በመጠምዘዙ ሊሆን ስለሚችል በ6 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የዘገየ ሰው ቈለጡን ሊያጣ ይችላል። ሽንት ፈጽሞ የከለከለው ሰውም እንዲሁ አይደር።

ስለ ቤተ ሰብም አንድ ነገር እንጨምር። ክላሚዲያ በወንድም ሆነ በሴት ያለ ምንም ምልክት ለብዙ ወራት ተሰውሮ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ መገኘቱ መቼ እንደ መጣ ወይም ማን እንዳመጣው አይመሰክርም። ባልና ሚስት መካሰሱን ትተው በአንድነት ሊመረመሩና በአንድ ጊዜ ሊታከሙ ይገባል፤ አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይመጣል፤ ጥርጣሬውም ከእርሱ ጋር ይመለሳል።

በመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሆኑ አንባቢዎቻችንም ሊረዱ ይችላሉ። አንድ ሠራተኛ ለሕክምና ፈቃድ ሲጠይቅ የበሽታውን ዐይነት በሰው ፊት እንዲናገር አያስገድዱት፤ የሐኪሙ ወረቀት ይበቃል። ብዙ ሰው ወደ ሐኪም ሳይሄድ የሚቀረው ሕክምናውን ጠልቶ ሳይሆን ይህን ጥያቄ ፈርቶ ነው።